በኒካው መሃል የገባችው ሴትዮ

እኔ የወደድኩት ዕቃ አይበረክትም። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን እንድትጠነቀቁ ነው። አንድ ቀን ላስ ቬጋስ መጥታችሁ፣ ፓራዳይዝ የሚባለው ሠፈር ያለው አፓርታማችን ጎራ ብላችሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አይታችሁ «ይሄማ ግሩም ነው፣ እኔም ልግዛ» ቢያሰኛችሁ በፈጠራችሁ ተዉት። እኔ ገዝቼዋለሁና መዘጋቱ አይቀርም።

ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ አለ። ባለቤቴ ዘይነባ «ጓደኛህ» ነው የምትለው። ጠዋት ፊቴ ከከፋ «ምነው፣ ጓደኛህ ዛሬ ደግሞ ምን ዘጋ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጓደኛዬ አዲስ ነገር ሲያወጣ መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ፤ ሲዘጋው ደግሞ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ። ሰው የሚገናኝበት ድረ ገጽ ከፍቶ ነበር፤ ገባሁ። ሌላው ሁሉ ጥሎ ሲወጣ እኔና ሲያትል ያለ የማላውቀው አንድ የጎንደር ልጅ ብቻ ቀርተን፣ በየጠዋቱ «አለህ?» «አለሁ» እየተባባልን እስኪዘጋብን ጠበቅን። ካሜራ ያለው መነጽር አወጣ፤ ሰው የተገለገለበትን ገዛሁና እሱን አድርጌ ወደ ሥራ ስሄድ በአንድ ካዚኖ ውስጥ አቋረጥኩ። ካዚኖ ውስጥ ዓይኑ ላይ ካሜራ አድርጎ የገባ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያኔ አላውቅም ነበር። ጥበቃዎቹ በጣም ትሁት ናቸው፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው በር ድረስ ሲሸኙኝ እግሬ ወለል አልነካም።

የሙዚቃ ማስቀመጫ ከፈተ፤ መንዙማዎቼን በሙሉ ጫንኩበት። እሱን ዘግቶ ወደ ሌላ ቤት ሲያዛውራቸው፣ አዲሱ ማሽን መንዙማዎቹን «ለስፖርት የሚሆኑ» የሚል ክፍል ውስጥ ከትቷቸው አገኘሁ። የመልእክት መላላኪያውንስ ባናነሳው ይሻላል። አንዱን ዘግቶ ሌላ በከፈተ ቁጥር የዘይነባን ዘመድ ከደሴ እስከ ጅዳ እየቀሰቀስኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳስገባ ኖሬ፣ እስከ ዛሬ አክስቷ «እህ፣ አሁንስ የት ግቡ ነው የምትለን?» ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ።

ይህ ሁሉ ግን ጉዳቱ የራሴ ነበር። የሰው ትዳር ውስጥ የገባሁት በመስኮቱ ጊዜ ነው።

«መስኮት» ያልነው እኛ ነን፤ ኩባንያው ያወጣለት ስም ምላስ ያስራል። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ የትልቅ መጽሐፍ ያህል ስክሪን ያለው፣ ከላይ ካሜራ፣ ከሥር ድምፅ ማጉያ፣ ከጎኑ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ ያለበት ዕቃ ነው። ሁለት ሆኖ ነው የሚሸጠው። አንዱን ቤትህ ታስቀምጣለህ፣ አንዱን ለዘመድህ ትልካለህ፤ ቁልፉን ስትጫን ዘመድህ ፊትህ ድቅን ይላል። ቁጥር መምታት የለ፣ ፓስወርድ የለ። ሲወጣ ለሽማግሌ የተሠራ ነው ብለው ነበር ያስተዋወቁት፤ እኔም ወዲያው አማቴ ትዝ አሉኝ።

አማቴ ሀጂ ሰይድ ደሴ ነው ያሉት። በሥራ ዘመናቸው መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። አውቶቡስ ሲገቡ ትኬት አይጠይቁም ነበር ይባላል። በሩ ላይ ቆመው የተሳፋሪውን ፊት አንድ ጊዜ ያያሉ፤ ከዚያ በቀጥታ ሄደው ትኬት ያልቆረጠውን ሰው ትከሻ ይነካሉ። እኔን ራሴን፣ ዘይነባን ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ፊቴን ሲመለከቱ ቆይተው «ትንሽ ሰነፍ ነው፤ ክፋት ግን የለውም» ብለው ነው የፈቀዱልኝ።

እንግዲህ የዘይነባ ታናሽ እህት ሀያት ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ኮሮና ሆቴሎቹን ሲዘጋቸው ሳሎናችን ውስጥ ከሶፋው ጋር ቀረች። በዚያ መሃል ነው ከጀማል ጋር የተዋወቀችው። ጀማል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ኤፔክስ በሚባለው የመጋዘን ሠፈር ሌሊት ሌሊት ዕቃ ይጭናል። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ሠራተኛ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሲደነግጥ ይስቃል። አንድ ጊዜ ፖሊስ አስቁሞት ሳቁን መያዝ ስላቃተው፣ ጠጥቷል ተብሎ በመንገዱ ዳር በነጭ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ አራመዱት። እሱም በየእርምጃው ይስቃል።

ሀያትና ጀማል ለመጋባት ሲወስኑ ለሀጂ ተነገራቸው። ወራት ፈጅቶ፣ አክስት አስገብቶ፣ ሽማግሌ አስደውሎ በመጨረሻ እሺ አሉ። ግን በአንድ ነገር አልበገር አሉ፤ «ፊቱን ሳላየው ልጄን አልሰጥም።» ኒካውን የሚያስሩልን ኡስታዝ ኢድሪስ በስልክ፣ «ሀጂ፣ ቀላሉ መንገድ እኮ ወኪል መሾም ነው፤ የሚያምኑትን ሰው ይወክሉ» ቢሏቸው፣ «ልጄ ቤት አይደለችም በውክልና የምትሸጠው» ብለው ዘጉባቸው።

ያን ጊዜ ነው ደረቴን ነፍቼ የተነሳሁት። «መፍትሔው እኔ ጋ ነው» አልኩ። ዘይነባ «ያ ረቢ፣ ጓደኛውን ሊያመጣው ነው» አለች። አንዱ መስኮት ከአንዲት መንገደኛ ጋር ደሴ ገባ። በግድግዳው በኩል ከሚያልፈው ከጎረቤታቸው ከመምህር አሊ ዋይፋይ ጋር ተያያዘ። ሞከርነው፤ ሠራ። ሀጂ ግንባራቸውንና ጣሪያቸውን ብቻ እያሳዩን «አየኋችሁ! አየኋችሁ!» ሲሉ ዘይነባ እንኳ አለቀሰች። ቀን ተቆረጠ። አርብ፤ እኛ ጋ ጠዋት፣ እነሱ ጋ ከመግሪብ ሶላት በኋላ። ቅዳሜ ሙሽሮቹ የተከራዩትን ቤት ይረከባሉ።

አርብ ጠዋት ሻዬን ይዤ ስልኬን ስከፍት ከኩባንያው ኢሜይል መጥቷል። «የመጨረሻ ማሳሰቢያ» ይላል። ከእሱ በፊት የነበሩትን ማሳሰቢያዎች ማስታወቂያ መስለውኝ ሳልከፍታቸው አጥፍቻቸዋለሁ ማለት ነው። ስለ ቆይታችሁ እናመሰግናለን፣ ይላል። ወደፊት ሌሎች አስደሳች ነገሮች ላይ እናተኩራለን፣ ይላል። ከዚያ የመስኮቱ አገልግሎት አርብ ያበቃል፣ ይላል።

አርብ! ከአርብ የትኛው ጫፍ? አርብ ሲገባ ነው ወይስ አርብ ሲወጣ? የማን አርብ? ደሴ አርብ እያለቀ ነው፤ እኛ ጋ ገና ፊቱን አልታጠበም። ሻዩን አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩና ለኩባንያው ደወልኩ። ብዙ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች።

«መስኮቱ ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አልኳት፣ ትክክለኛ ስሙን እየተንተባተብኩ።

ስትጽፍ ይሰማኛል። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እንዲህ የሚባል ዕቃ የለንም።»

«እናንተ ናችሁ እኮ የሸጣችሁልኝ!»

«ሊሆን ይችላል ጌታዬ። ኮምፒውተሬ ላይ ግን የለም።»

«ከኮምፒውተርሽ ላይ ከጠፋ ተዘግቷል ማለት ነው?»

«የሌለ ዕቃ መቼ እንደሚዘጋ ልነግርዎት አልችልም።» ይሄን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ርኅራኄ ነበረበት። «ከፈለጉ ግን አዲሱን ስፒከራችንን በቅናሽ ልልክልዎ እችላለሁ።»

«ስክሪን አለው?»

«ስክሪን የለውም። ግን በጣም ጥሩ አድርጎ ያዳምጣል።»

ወጥቼ መስኮቱን አየሁት። ትንሿ መብራት አረንጓዴ ናት። ልሞክረው ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያ ደግሞ፣ ምናልባት የቀረው አንድ ጥሪ ብቻ ቢሆንስ? እጄን ሰበሰብኩ። ለዘይነባ ልንገራት? እሷ በዚያ ሰዓት ለሀያት ፀጉር እየሠራች በአፏ የፀጉር መርፌ ይዛለች፤ አፉ ውስጥ ስለት ላለበት ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም። ወንበር ስቤ መስኮቱ ፊት ተቀመጥኩና ዓይኔን ከመብራቷ ላይ ሳልነቅል መጠበቅ ጀመርኩ።

«ምነው ዕቃው ላይ ተተከልክ?» አለችኝ ዘይነባ።

«አቧራ እንዳይነካው ነው።»

ኡስታዝ ኢድሪስ በሰዓታቸው መጡ። ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ነው የሚያመላልሱት። ኮሮና ወራት ሙሉ ያለ ሥራ ካስቀመጣቸው በኋላ ተጠርተው የመጀመሪያ የሥራ ፈረቃቸው የዚያኑ ዕለት ነበር፤ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው ነው የመጡት። «ልጆች፣ ዛሬ ካረፈድኩ ነገ የሚጠሩት ሌላ ሰው ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ። የጀማል የቤት ተጋሪ ከድርም መጣ፤ እሱና እኔ ምስክሮቹ ነን። ሁላችንም ማስክ አድርገን ተራርቀን ተቀመጥን። ሙሽራው ግን የለም።

«የት ነው ያለው?» አሉ ኡስታዝ።

«ከኤፔክስ እየመጣ ነው። አይ-አስራ አምስት አውራ ጎዳና ላይ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል» አለ ከድር።

አረንጓዴዋን መብራት አየኋት። ኡስታዝ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ መብራቷን፣ እሳቸው ሰዓታቸውን፣ ተራ በተራ ስናይ ጀማል በሩን በርግዶ ገባ። ቤቱ ሄዶ ልብስ ለመቀየር ጊዜ አላገኘም፤ መኪናው ውስጥ ሱፍ ኮቱን ከሥራ ልብሱ ላይ ደርቦበት ነው የመጣው። ከኮቱ ሥር መብራት ሲያርፍበት የሚያበራው የመጋዘን ሰደርያ እንዳለ ማንም ልብ አላለም። እኔ ቶሎ ብዬ «ቢስሚላህ» አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ሠራ! የሀጂ ግንባር ከች አለ። በሕይወቴ ግንባር እንደዚያ አምሮኝ አያውቅም።

ሰላምታው ሲያልቅ ሀጂ «ልጁን አቅርቡልኝ» አሉ። ጀማል መስኮቱ ፊት ተቀመጠ።

«ፊቱን ሸፍኖ ነው እንዴ ፊቴን እዩልኝ የሚለው?» አሉ ሀጂ።

ጀማል ማስኩን አወለቀ። እንደፈራሁት ነው፤ ጥርሱ እስከ ጆሮው ድረስ ወጥቷል።

«ምን ያስቀዋል?»

«ደስታ ነው ሀጂ» አልኩ ከጎን አንገቴን አስግጌ።

«አንተን አልጠየቅኩም። ደረቱ ላይስ የሚያበራው ምንድን ነው?»

ጀማል ወደ ደረቱ አየ፤ ሰደርያውን አየ፤ ይብስ ሳቀ። ከድር ሮጦ ኮቱን ቆለፈለት። ሀጂ ወደ ካሜራው ተጠጉ። ግንባሩ ወርዶ ሁለት ዓይኖች መጡ፤ በዓይኔ አይቼው ባላውቅም፣ አውቶቡስ በር ላይ የቆሙ ዓይኖች ናቸው።

«ልጄ» አሉ። «ብዙ አላደርቅህም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከዚህ በፊት አግብተህ ታውቃለህ?»

የጀማል ሳቅ ቀጥ አለ። አፉን ከፈተ። እሱ ከመናገሩ በፊት ግን ሴት ተናገረች። ለስላሳ፣ የተረጋጋ፣ የሚያምር የሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ። ከእኛም መስኮት፣ ከደሴውም መስኮት እኩል ነው የወጣው። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። አረንጓዴዋ መብራት ቀይ ሆነች፤ ቀጥሎ እሷም ጠፋች።

ስልኬ ጮኸ። መምህር አሊ ነው።

«ወንድሜ» አለኝ፣ በሹክሹክታ፣ «ያቺ ሴትዮ ስትናገር ሀጂ ምን አለች ብለው ያዙኝ። እኔም እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፣ አልዋሽም፤ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው።»

«ምን ብለህ?»

«"አዝናለሁ። ግንኙነታችን እዚህ ላይ አብቅቷል። አብረን ስላሳለፍነው ጊዜ አመሰግናለሁ" ብዬ።»

«ሀጂስ ምን አሉ?»

«"እኔ ጠየቅኩ፣ ሴትዮዋ መለሰች" አሉ። አሁን ደግሞ መብራት ሄዶብናል፤ ዋይፋዩም የለም። እንካቸው፣ ራስህ አናግራቸው።»

ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። የሀጂ ድምፅ ጨለማ ውስጥ ሆነው እንደሚናገሩ ያስታውቃል።

«ሴትዮዋ ማናት?»

«ሀጂ፣ ወላሂ ሴትዮ የለችም። ዕቃው ነው የተናገረው።»

«ዕቃ በሴት ድምፅ?»

«እንደዚያ አድርገው ነው የሚሠሩት።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እስካሁንም አላውቅም።

«እንግዲያው ጥራትና ራሷ ታስረዳኝ» አሉ።

«አትችልም ሀጂ። ኩባንያው ዘግቷታል።»

«የት ነው የዘጋት?»

«ማለቴ... የለችም አሁን። ሞታለች በሏት።»

«ኢና ሊላሂ» አሉ ሀጂ ቀስ ብለው። ቀጥለው ደግሞ፣ «የእኛን መብራት ያጠፋችውም እሷ ናት?»

ዘይነባ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «አባባ፣ እንደሱ አይደለም! ይሄ ዕቃ ዛሬ ሥራውን አቆመ፣ ኩባንያው ነው ያቆመው...» እያለች ሳለ ከድር ለመርዳት ብሎ በስልኩ ፈልጎ ያገኘውን ጮክ ብሎ አነበበ። «አዎ፣ ይሄው፣ አርብ ይዘጋል ብለው ቀደም ብለው ለሁሉም ደንበኛ ኢሜይል ልከዋል» አለ።

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። «ለሁሉም ደንበኛ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት» አልኩ።

«አቧራ እንዳይነካው ነው ያልከኝ!»

በዚያች ቅጽበት የምፈራው ሀጂን አልነበረም።

ሀጂ በስልኩ ውስጥ፣ «አባባላችሁ አላማረኝም። እንዲህ ከሆነ ልጄ አገሯ ትምጣና እዚሁ ፊቱን ላየሁት ሰው ትዳር» አሉ። ኡስታዝ ኢድሪስ ተነሱ። «ልጆቼ፣ ከዚህ በላይ መቆየት አልችልም። አላህ ያለው ቀን ይሆናል» ብለው ቆባቸውን አስተካክለው ወጡ። የደረጃው ኮቴ ሲርቅ ይሰማናል።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሀያት ነች። ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ አልተሠራም። ሁሉንም ከውስጥ ሆና ሰምታለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ጀማል ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«መልስላቸው እንጂ» አለችው። «ጥያቄ ጠይቀውሃል።»

እኔ ደስ አለኝ። እውነቷን ነው፣ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ አላገባሁም ብሎ መገላገል ነው። ከዚያ የጀማልን ፊት አየሁ። የሀያትንም አየሁ። ከመናኸሪያ ሰው የወረስኩት ነገር ባይኖርም ገባኝ፤ ጥያቄው ሌላ መልስ አለው። ዘይነባም ገባት መሰለኝ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ አክስት፣ ያ ሁሉ ወር ሲደወል ይሄን ያነሳ የለም፤ የጠየቀም የለም።

ጀማል ስልኩን አነሳ። ስፒከሩ እንደተከፈተ ነው።

«ሀጂ፣ ጀማል ነኝ። አዎ፣ አግብቼ ነበር።»

ከድር ጣሪያውን አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ሀያት ታውቃለች?» አሉ ሀጂ።

«ስንተዋወቅ መጀመሪያ የነገርኳት ይሄንኑ ነው።»

«ለምን ተለያያችሁ?»

«አዲስ አበባ እያለሁ ነው ያገባኋት። ከዚያ ዲቪ ወጣልኝና መጣሁ፤ እሷን ለማስመጣት ግን ጉዳዩ ተጓተተ። እኔ እንደሚያውቁት ሌሊት ነው የምሠራው። እሷ ስትደውል ጭነት ላይ ነኝ፤ እኔ ስነቃ እሷ ተኝታለች። አንድ ቀን ደወለችና "እኔ ባል ሳይሆን ስልክ ነው ያገባሁት" አለችኝ። ልክ ነበረች። በሽማግሌ፣ ሳንጣላ ተለያየን። አሁን አግብታ ወልዳለች።»

መምህር አሊ ሲያስል ይሰማል።

«እና አሁን ደግሞ ልጄ ስልክ ልታገባ ነው?» አሉ ሀጂ።

«የለም ሀጂ» አለ ጀማል። «እሷም እዚህ ናት፣ እኔም እዚህ ነኝ። ስልኩ ያለው በእኔና በእርስዎ መሃል ነው።»

ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። አይስቅም ነበር። ካሜራው ከጠፋ፣ የሚያየው ዓይን ከሄደ ጀምሮ ጥርሱ አልታየም። ሀያት እጆቿን አጣምራ ታየዋለች። የስልኩ መስመር ይንሿሿል። አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ፤ ሀጂ ይሁኑ ከእኛ አንዱ አላወቅኩም።

«ኡስታዙ የት አሉ?» አሉ ሀጂ።

እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አልነግራችሁም፤ ምክንያቱም አላስታውሰውም። የማስታውሰው የአፓርታማው መኪና ማቆሚያ ውስጥ የኡስታዝ ኢድሪስን መኪና የኋላ ክዳን በሁለት እጄ ስደበድብ ነው። ኡስታዝ ሰው የገጩ መስሏቸው ፍሬን ይዘው፣ «ያ አላህ! ማንን ነው?» እያሉ ዘለው ወጡ።

«ተፈቅዷል! ሀጂ ፈቅደዋል!» አልኩ።

ኡስታዝ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰማዩን አዩ፤ ወደ እኛ አዩ። ጀማል ስልኩን እንደ ሞላ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ ወርዷል። ከኋላው ሀያት፣ ነጭ ነጠላ ግማሽ ፀጉሯ ላይ ጥላ። ከእሷ ኋላ ዘይነባ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጋ፤ ከድር ደግሞ ወንበር ይዞ፣ ለማን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

«የሀጂ ፊት ባይታይም ድምፃቸውን የምታውቁት ከሆነና ምስክሮች አጥርተው ከሰሙ እኔ አስረዋለሁ» አሉ ኡስታዝ። «ግን አጥርታችሁ ስሙ። ቶሎ በሉ!»

ስልኩ የመኪናው አፍንጫ ላይ ተቀመጠ። እኔና ከድር ጆሯችንን አስጠጋን። ኡስታዝ አጭር ኹጥባ አደረጉ፤ መኪናው አልጠፋም፣ ሞተሩ ከሥር ይንተከተካል። «እንግዲህ ሀጂ፣ ይናገሩ» አሉ።

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፓራዳይዝ የሚኖር ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርባችን ነው። ሀጂ «ልጄን ሀያትን...» ሲሉ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ እያጓራ ወረደ።

«አልሰማሁም» አለ ከድር። ሐቀኛ ምስክር ነው።

«ሀጂ፣ ይቅርታ፣ ይድገሙልን!» አሉ ኡስታዝ።

ሀጂ ደገሙ። በዚህኛው የቆሻሻ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጲ-ጲ-ጲ አለብን። ዘይነባ እጇን እያወናጨፈች ወደ ሾፌሩ ሮጠች። ሾፌሩ ሰላምታ መስሎት እሱም እጁን አወዛወዘላትና ጥሩምባ ነፋ።

«ተሰማ?» አሉ ሀጂ።

«አልተሰማም ሀጂ» አለ ከድር።

«ሰጥቻለሁ አልኩ እኮ!» ጮኹ ሀጂ። ድምፃቸው ከመኪናው አፍንጫ ተነስቶ በረንዳው ላይ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤታችን ዘንድ ደረሰ። «ልጄን ሀያትን ለጀማል ሰጥቻለሁ! ስንት ጊዜ ልስጥ?»

«ይሄኛው ተሰምቷል» አሉ ኡስታዝ።

«ተቀብያለሁ» አለ ጀማል፤ ጠይቀው እንኳ ሳይጨርሱ።

ኡስታዝ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እንደዚያ ፈጥኖ የተደረገ ዱዓ ሰምቼ አላውቅም፤ አሚን ስንል እሳቸው መኪናው ውስጥ ገብተዋል። ስልኩን ከመኪናው ላይ ያነሳሁት ጎማው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው። በኋላ እንደነገሩን ፈረቃቸው ላይ በሰዓቱ ደርሰዋል፤ ቆባቸው ግን እኛው መኪና ማቆሚያ ወድቆ ቀርቶ ቀኑን በባዶ ራስ ነው የዋሉት።

እኛ እዚያው ቆመን ቀረን። በኒካ ማግሥት ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ከኒካ በኋላ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ግን ማናችንም አላወቅንም። ከድር ወንበሩን ዘርግቶ ራሱ ተቀመጠበት። ዘይነባ ልታቅፋት ወደ ሀያት ስትራመድ ከእጄ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ደሴ ስልኩን አልዘጉትም።

«እንግዲህ ሀጂ፣ እንዴት አገኙት?» ይላል መምህር አሊ።

«ፊቱን ሳየው አልወደድኩትም ነበር» ይላሉ ሀጂ። «ይስቃል፤ ደግሞ ያበራል። መብራት ሲጠፋ ነው ያየሁት።»

ጀማል አፉን በእጁ ያዘ።

ከዚያ የሀጂ ባለቤት፣ የዘይነባና የሀያት እናት ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ድምፃቸውን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። «ሰጠሃት?» አሉ።

«ሰጠኋት» አሉ ሀጂ። ቀጥለው፣ «ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ። መብራቱ እስኪመጣ አብረን እናልቅስ» አሉ።

ሀያት ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ስፒከሩን አጠፋችና ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ታዳምጣለች ብቻ። ጀማል ወደ እሷ ሊሄድ ሲል ዘይነባ ክንዱን ያዘችው።

«ትንሽ ተዋት» አለችው። «የመምህር አሊ ባትሪ እስኪያልቅ።»